በቤት የሚቀመጥ ውኃ፤ የበርሜል አጠባና የዓሣ ገንዳ አሰነዳድ

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ለሚኖሩ እናቶችና ቤተ ሰቦች የተጻፈ ትምህርት

መግቢያ



ቤት ያለ ውኃ እንደማይቆም ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በሸዋ ሮቢት፥ በጀውሃ፥ በሰንበቴና በአጣዬ በኩል ባለው ቆላ ፀሐዩ ብርቱ ስለ ሆነ ሰውም ከብቱም ቶሎ ቶሎ ይጠማል። ውኃ የሚገኝበት ቀን አለ፤ የሚጠፋበትም ቀን አለ። ስለዚህ ብልህ የሆነች እናት ባገኘችበት ቀን በርሜሉንም፥ ጀሪካኑንም፥ እንስራውንም ሞልታ ታስቀምጣለች። ለምግብ፥ ለልብስ፥ ለውዱእ፥ ለከብት፥ ለጓሮ ተክል የሚሆነው ሁሉ ከዚያ ይቀዳል። ይህን ልማድ አንነቅፍም፤ እንዲያውም እናመሰግናለን።

ነገር ግን አንድ ነገር ልንነግራችሁ እንወዳለን። ውኃ ሲቀመጥ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ክዳን የሌለውና ሳይታጠብ የሰነበተ ውኃ ሌላ ነዋሪ ይገባበታል። ያም ነዋሪ ማን እንደ ሆነ፥ እንዴት እንደምናስወጣው፥ በየጊዜው ለመድፋት የማይመቸውን ትልቅ ገንዳ ደግሞ በዓሣ እንዴት እንደምንጠብቀው በዚህ ትምህርት እንመለከታለን።

1ኛ፤ በበርሜሉ ውስጥ ማን ይኖራል?

አንድ ቀን በቆላው ወደ አንዲት እናት ቤት ገባን። በደጃፋቸው ግማሽ ድረስ የሞላ በርሜል ቆሞ ነበር። ወደ ውስጥ ብንመለከት ጥቃቅን ነገሮች ወደ ላይና ወደ ታች ይወራጫሉ። «እማማ፥ ይኼ ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅናቸው።

«አይ ልጆቼ፤ የውኃ ትል ነዋ! ከወንዝ አብሮ የመጣ ነው፤ ሰው አይነካም» አሉን።

እኛም ከዚያው ውኃ በብርጭቆ ቀድተን፥ አፉን በስስ ሻሽ አሥረን፥ «እባክዎ ሳይነኩ ያቆዩልን» ብለን ሄድን። በሦስተኛው ቀን ብንመለስ በብርጭቆው ውስጥ ትሎቹ አንሰው ቢንቢዎች ከሻሹ ሥር ይበሩ ነበር። እማማም ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥተው ካዩ በኋላ ዝም አሉ። የልጅ ልጃቸው በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ በወባ ወድቆ ነበር። ቈይተው፥ «ለካስ ቢንቢውን ውኃ እያጠጣሁ የማሳድገው እኔው ነኝ!» አሉ።

ይህን ፈተና ማንኛዋም እናት በቤቷ ልታደርገው ትችላለች። ብርጭቆና ሻሽ ብቻ ይበቃል። በዓይን የታየ ነገር ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

2ኛ፤ ቢንቢ እንዴት ያድጋል?

ቢንቢ ከጭቃ ወይም ከቆሻሻ አይፈጠርም። እናቲቱ ዕንቁላሏን በውኃ ላይ ወይም በውኃ ዕቃ ግድግዳ ላይ ትጥላለች። ከዕንቁላሉ እጭ ይወጣል፤ እኛ የውኃ ትል የምንለው ይኸው ነው። እጩ እየበላ ካደገ በኋላ ቅርጹን ለውጦ ጎባጣ ይሆናል፤ ከዚያም ጀርባው ተሰንጥቆ ክንፍ ያላት ቢንቢ ትወጣለች። በሞቃት አገር ይህ ሁሉ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ሊፈጸም ይችላል።

እንግዲህ ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። በ7 ቀን አንድ ጊዜ ዕቃውን ደፍተን ብናጥበው እጩ ክንፍ ሳያወጣ ይሞታል። በ15 ቀን አንድ ጊዜ ብናጥበው ግን ቢንቢዋ ቀድማን በራለች።

እጮቹም ሁሉ አንድ አይደሉም። የወባ ትንኝ እጭ በውኃው ገጽ ላይ ጋደም ብሎ ይተኛል። ሌሎቹ ግን ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው ይንጠለጠላሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ደንጊ የሚባለውን ብርቱ ትኩሳት ያመጣሉ። ቢሆንም እናት ለመለየት ብላ አትድከም፤ ሁሉንም ማጥፋት ይሻላል።

3ኛ፤ ይህ ነገር ዛሬ ለምን በረታ?

አባቶቻችን ቆላውን «ንዳድ አለበት» እያሉ ይፈሩት እንደ ነበር ታውቃላችሁ። ወባ ብዙ ሰው ጨርሷል። በ1950 ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢትዮጵያ በተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታምሞ 150 ሺህ ያህል እንደ ሞተ ይገመታል። ያን ጊዜ የታወቀችው የወባ ትንኝ ዝናብ ካባራ በኋላ በረግረግና በኩሬ የምትራባ ናት። ዛሬም አለች፤ ስለዚህ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ወራት ይፈራል።

አሁን ግን ሌላ እንግዳ መጥታለች። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል በእስያ የታወቀች የወባ ትንኝ በ2009 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ተገኘች። ይህች ትንኝ ረግረግ አያስፈልጋትም። ሰው ለቤቱ ባጠራቀመው ውኃ፥ በበርሜልና በሲሚንቶ ገንዳ ትራባለች። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ዝናብ በሌለበት የበጋ ወራት ወባ በተነሣ ጊዜ ባለሙያዎች መርምረው ይህችኑ ትንኝ በሕሙማኑ ቤት አካባቢ በውኃ ማጠራቀሚያዎች አገኟት።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ትናንት ወባን ለመከላከል ረግረጉን ማድረቅ እንል ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ወደ በርሜላችን መመልከት ይገባናል። ረግረጉን ለማድረቅ ብዙ ሰው መሰብሰብ ያስፈልጋል። በርሜሉ ግን በእናት እጅ ነው።

4ኛ፤ የቤቱን ውኃ በሦስት እንክፈል

ሁሉንም ውኃ በአንድ ዓይነት መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ በሦስት ብንከፍለው ሥራው ይቀላል።

ሀ. የመጠጥ ውኃ። ይህ አፉ ጠባብ በሆነ፥ ክዳኑም በሚገጥም ጀሪካን ወይም እንስራ ይቀመጥ። ጀሪካኑን ስታጥቡ እጅ ስለማይገባበት ጥቂት ንጹሕ ጠጠርና የሳሙና ውኃ አስገብታችሁ በደንብ ናጡት፤ ከዚያ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። ውኃው ከወንዝ ወይም ካልተጠበቀ ምንጭ ከሆነ እስኪንተከተክ አፍሉት፤ ወይም ከጤና ኬላ ወይም ከመድኃኒት ቤት የሚገኘውን የውኃ ማከሚያ በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ቆዩ። ስትቀዱም አዘንብላችሁ ቅዱ፤ እጅ ወይም ያልታጠበ ጣሳ አይግባበት። ተቅማጥ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከውኃው ምንጭ ብቻ ሳይሆን ከሚጠልቀው እጅ ነው።

ለ. የማጠቢያ ውኃ። ይህ በበርሜል የሚቀመጠው ነው። በ7 ቀን አንድ ቀን ምረጡለት፤ ለምሳሌ ሰንበቴ ገበያ የምትሄዱ ከገበያ ማግሥት ይሁን። በዚያ ቀን የቀረውን ውኃ በደረቅ መሬት ላይ ወይም በጓሮ ተክል ሥር ድፉት። ወደ ቦይ ወይም ወደ ኩሬ አትድፉት፤ እጩ እዚያ ይቀጥላልና። ከዚያ በኋላ ግድግዳውን በብሩሽና በሳሙና ከላይ እስከ ታች ፈትጉት።

«ውኃውን ከደፋነው ምን ፍተጋ ያስፈልጋል?» ትሉ ይሆናል። ደንጊን የምታመጣው ቢንቢ ዕንቁላሏን ውኃው ከሚደርስበት ከፍ አድርጋ በግድግዳው ላይ ትለጥፈዋለች። ይህ ዕንቁላል ደርቆ ለወራት ይቆያል፤ ውኃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ መድፋት ብቻ አይበቃም። ጠላ የምትጠምቁ እናቶች ጋኑን በግራዋ እንዴት አድርጋችሁ እንደምትፈትጉት ታውቃላችሁ። ለጠላ የሚደረገው ክብር ለውኃ ለምን ይቀራል? ይኸው ፍተጋ ለበርሜሉም ይሁን። ሲያልቅም ክፍተት በማይተው ክዳን ወይም አፉ ላይ ጥብቅ ተደርጎ በታሰረ ጨርቅ ይሸፈን። ጨርቁ ውኃውን እንዳይነካ ወጠር ይበል።

ሐ. የከብትና የጓሮ ውኃ። ይህ ብዙ ጊዜ ከቆርቆሮ ጣራ የሚጠራቀም ወይም ለመስኖ የሚያዝ ትልቅ ገንዳ ነው። በ7 ቀን አንድ ጊዜ ድፉት ብንላችሁ «እናንተ ውኃ ቀድታችሁ አታውቁም» ብላችሁ ትስቁብናላችሁ፤ እውነታችሁንም ነው። መክደን ከተቻለ መክደን ይበልጣል። ለመክደንም ለመድፋትም ለማይቻለው ገንዳ ግን አንድ ብልኃት አለ፤ እርሱም ዓሣ ነው።

5ኛ፤ ዓሣ እንዴት ይረዳናል?

ትናንሽ ዓሦች የቢንቢን እጭ ይበላሉ። ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። አሰብ በኢትዮጵያ ሥር በነበረችበት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወባ ባለሙያዎች እዚያው የሚገኝ አንድ ትንሽ ዓሣ እየያዙ በከተማው ጕድጓዶችና የውኃ ማጠራቀሚያዎች ከተው የቢንቢ እጭን ለመቀነስ ችለዋል።

የጎረቤታችን የኬንያ ነገር ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያስተምራል። በምዕራብ ኬንያ በኪሲ አውራጃ ገበሬዎች የዓሣ ኩሬ ቆፍረው ኋላ ዓሣውን ትተውት ነበር። ባዶው ኩሬ የወባ ትንኝ መራቢያ ሆነ። ባለሙያዎች እኛ ቆሮሶ የምንለውን ዓሣ በኩሬዎቹ መልሰው ቢጨምሩ ከ15 ሳምንት በኋላ የወባ ትንኝ እጭ ከ94 ከመቶ በላይ ቀነሰ። ይህም በ1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2007) በታተመ ጥናት ተገልጿል።

ይህን ነገር በሁለት በኩል አስተውሉት። ዓሣ ያለበት ኩሬ ጠባቂ አለው። ዓሣ የተተወበት ኩሬ ግን ከመጀመሪያው ባይቆፈር ይሻል ነበር። ስለዚህ ለመጠበቅ ያላሰበ ቤተ ሰብ የዓሣ ገንዳ አይጀምር።

6ኛ፤ የዓሣ ገንዳ አሰነዳድ

1. ቦታ። ገንዳው ከመጸዳጃ ቤትና ከከብት በረት የራቀ ይሁን። ግማሹን ቀን ጥላ ያግኝ፤ የቆላው ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ቢመታው ውኃው ይግላል፤ ዓሣውም ይታፈናል። የፓፓያና የማንጎ ጥላ መልካም ነው፤ የወደቀው ቅጠል ግን በየቀኑ ይለቀም።

2. ልክ። የውኃው ጥልቀት ከ80 ሳንቲ ሜትር ባያንስ ይመረጣል፤ ጥልቅ ሲሆን ከሥሩ ቀዝቀዝ ይላል።

3. አጥር። ይህን አደራ እንላችኋለን፤ ሕፃን ልጅ በጥቂት ውኃም ይሰጥማል። ገንዳው ከፍ ያለ ግድግዳ፥ በላዩም ጠንካራ የሽቦ መረብ ይኑረው። ይህን ማድረግ ካልተቻለ ዓሣው ይቅር።

4. ሲሚንቶው። አዲስ የተለሰነ ገንዳ ውስጥ ዓሣ ወዲያው አይገባም፤ ከሲሚንቶው የሚወጣው ኖራ ይገድለዋል። በ2 ወይም በ3 ሳምንት ውስጥ ደጋግማችሁ እየሞላችሁ ድፉት።

5. አጠባ። አሮጌ ገንዳ ከሆነ በብሩሽና በአሸዋ ፈትጋችሁ በብዙ ውኃ አለቅልቁት። ሳሙና፥ በረኪናና ኦሞ አይግባበት፤ ጥቂት ቢቀር ዓሣውን ይጨርሰዋል።

6. ውኃው። የቧንቧ ውኃ መድኃኒት ስላለበት ቢያንስ አንድ ቀን ክፍቱን በፀሐይ ላይ ይዋል። ከመስኖ ቦይ ወይም ከወንዝ የሚቀዳ ከሆነ በጨርቅ ይጠለል። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ከቦይ ውኃ ጋር ሊመጡ ይችላሉና በገንዳው ውስጥ ቀንድ አውጣ ስታዩ በእንጨት ለቅማችሁ አስወግዱ። ልጆችም በገንዳው አይታጠቡ።

7. ዓሣው። ለዚህ ሥራ ትንንሽ ቆሮሶ ይሆናል። ለአንድ ሜትር ካሬ የውኃ ገጽ 2 ወይም 3 ይበቃል። ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል፤ ስለዚህ ለሸዋ ሮቢት ቆላ ይስማማል፤ ወደ ደብረ ብርሃን ደጋ ለሚወስደው ግን ብርዱ ይከብደዋል። የዓሣ ጫጩት ከየትም አታምጡ፤ የወረዳውን የግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። በሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከልም በዚህ ነገር ዐዋቂ ነው።

8. አገባብ። ዓሣው የመጣበትን ዕቃ ከነውኃው ግማሽ ሰዓት ያህል በገንዳው ላይ አንሳፍፉት፤ ውኃው እኩል ሲሞቅ ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። በድንገት ቢገባ ይደነግጣል፤ ሊሞትም ይችላል።

7ኛ፤ የዓሣ ገንዳ አጠባበቅ

ምግብ ጥቂት ይሁን። በቀን አንድ ጊዜ በ5 ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሰውን ያህል ፉርሽካ ወይም የእንጀራ ፍርፋሪ ይበቃዋል። የጠገበ ዓሣ እጭ አይፈልግም፤ የተረፈውም ምግብ በስብሶ ውኃውን ያገማዋል። እንግዳ ሲመጣ ልጆች ዓሣውን እያበሉ እንዳይጫወቱ ተቆጣጠሩ።

በየሳምንቱ የውኃውን ሩብ ያህል ቀድታችሁ ጓሮ አጠጡበት፤ ከዓሣው የሚወጣው ለተክል ማዳበሪያ ነው። በቀነሰው ምትክ በፀሐይ የዋለ ውኃ ጨምሩ። ውኃውን ሁሉ አንድ ጊዜ አትለውጡ። በገንዳው ዳር የሚበቅለውን አረንጓዴ ዝልግልግና ሣር አውጡት፤ እጭ ከዓሣ የሚሸሸገው በዚያ ነው። ዓሣው ማለዳ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን የሚከፍት የሚዘጋ ከሆነ አየር አንሶታልና ቶሎ አዲስ ውኃ ጨምሩ። ከሥራው በኋላም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ቆሮሶ ይራባል፤ ያድጋልም። ትላልቆቹን እያወጣችሁ በደንብ አብስላችሁ ለልጆች ብትሰጡ መልካም ገንቢ ምግብ ነው። እሾሁን ግን ለቅማችሁ ስጡ።

8ኛ፤ የማይደረጉ ነገሮች

ዓሣ ያለበት ውኃ አይጠጣም። ዓሣው እጭ ይበላል እንጂ ጀርም አያጠፋም።

በሸዋ ሮቢት መስኖ ሽንኩርት የምታመርቱ ቤተ ሰቦች የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ዕቃ፥ ቢታጠብም እንኳ፥ ለውኃ አታድርጉት። የመርጫ መሣሪያችሁንም በገንዳው አጠገብ አታለቅልቁ። ዓሣውን የሚገድል መርዝ ልጅንም አይምርም።

ከሩቅ አገር የመጣ ዓሣ ወደ ሮቢ ወንዝ ወይም ወደ ሌላ ወንዝ አትልቀቁ። ጋምቡዚያ የሚባል የአሜሪካ ዓሣ ቢንቢ እንዲበላ ተብሎ በብዙ አገር ተለቆ የየአገሩን ዓሣ እንደ ጎዳ ታውቋል።

ዓሣ አለን ብላችሁ አጎበር አትተዉ። ልጅ ትኩሳት ሲይዘው 24 ሰዓት ሳይሞላ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስመርምሩ። የወባ መድኃኒትም ሲታዘዝ ልጁ ተሻለው ተብሎ ከመንገድ አይቋረጥ።

ለቤተ ሰብ የሚሆኑ ጥያቄዎች

ማታ እሳት ዳር ስትቀመጡ እነዚህን ተጠያየቁ፤ ማንበብ የሚችል ልጅ ያንብብ፤ ሌላው ይመልስ።

በርሜሉን በ7 ቀን አንድ ጊዜ የምናጥበው ለምንድን ነው? ውኃውን ከደፋን በኋላ ግድግዳውን የምንፈትገው ለምንድን ነው? በቤታችን ካለው ውኃ የትኛው ለመጠጥ፥ የትኛው ለማጠቢያ፥ የትኛው ለከብት ነው? የተጣለ ጣሳ፥ የተሰበረ እንስራ፥ አሮጌ ጎማ በግቢያችን ዝናብ ይዞ ተቀምጦ ይሆን?

ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ለመስጠት ግን መቀመጥ አይበቃም፤ ነገ ጧት ተነሥቶ ግቢውን መዞር ነው። ያን ጊዜ ከጓሮ የተገኘውን ጣሳ ይድፋ ብላችሁ ለትንሹ ልጅ ስጡት። ወባን በገዛ እጁ የደፋ ልጅ ሲያድግ በርሜሉን ሳይከድን አይተኛም።